ቢስሚላሂ ሳያልቅ

ሙኒርን የገደለው ሰው አራት ጊዜ ነው የሰነዘረው። አንዱን ማጅራቱ ላይ፣ ሁለቱን አናቱ ላይ፣ አራተኛውን ደግሞ ላፕቶፑ ላይ። ኢንስፔክተር ነጅላ፣ ጅማ ከተማ ቦሳ አዲስ ቀበሌ ካለችው ከዚያች ባለ አንድ ክፍል ቢሮ ደጃፍ ቆማ ምቱን ስትቆጥር፣ ልቧ የቀረው አራተኛው ላይ ነበር።

«ሰውየውንስ ይጥላው እንበል፤ ኮምፒውተሩ ምን በደለው?» አለች።

ሳጅን ብርሃኔ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ «ንዴት ነዋ» አላት። «የተናደደ ሰው ያገኘውን ነው የሚመታው።»

«ያገኘውን ከሆነ ይህ ብርጭቆ እንዴት ተረፈ?»

እውነቷን ነው። ከተሰባበረው ላፕቶፕ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ፣ ግማሹ የተጠጣ ሻይ በብርጭቆው እንደቆመ ነው። ከብርጭቆው ሥር ባለ ካሬ ደብተር አለ። ነጅላ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። ደሙ ጠቁሯል፤ ጠርዙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሰዓቷ ከቀኑ አሥራ አንድ ይላል።

«ገዳዩ መቼ ተያዘ አልከኝ?»

«አሥር ተኩል ላይ፣ እጅ ከፍንጅ!» ብርሃኔ ደስ ብሎታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት የተገደለ ሰው ፋይሉ ቅዳሜ ከሰዓት ሲዘጋ ማን ይጠላል? «ገመቹ የሚባል የሸቤ ገበሬ ነው። ሙኒር ለሸቤ ቡና አብቃዮች ማኅበር ዌብሳይት ሠርቷል። እዚያ ላይ የጫካ ቡና ይዞታ ያላቸው ሰዎች ስም ተዘርዝሯል። ከሁለት ሳምንት በፊት የገመቹ ስም ከዝርዝሩ ተሰረዘ። መጥቶ እዚሁ በር ላይ ‹አንቅሃለሁ› ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ደግሞ ሙኒር በአሥር ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ገጹን ሲያድስ ስሙን አሁንም ሳይመልስለት ቀረ። ሰውየው በአሥር ተኩል መጣና ፈጀው።»

«የአሥር ሰዓቱን ማን ነገረህ?»

«የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሸኩር ናቸው፤ ከሸቤ ደወሉልን። ገጹ ላይም ተጽፏል።»

«መምቻውስ?»

«ወርውሮታል ይላሉ።»

«የት?»

«እንጃ።»

«ብረቱን ሰው እንዳያይበት የሚጥል ገዳይ፣ እስከ ክርኑ ደም ተለውሶ ‹ሰው ሞተ!› እያለ መንገድ ላይ ይወጣል? ከኪሱ ምን አገኛችሁ?»

ብርሃኔ በፌስታል የታሰረ ስልክ አሳያት። ባትሪ ያላት፣ ባለ ቁልፍ፣ ሃምሳ ጊዜ ወድቃ ሃምሳ ጊዜ የተነሳች ስልክ ናት። ነጅላ ስልኳን አየች፣ ብርሃኔን አየች። «በዚህች ነው ዌብሳይት ያየው?» አለችና ደብተሩን ከብርጭቆው ሥር መዝዛ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

የሙኒር ታላቅ ወንድም ጣሪቅ ግድግዳ በሚያገናኛቸው ቤት በር እና መስኮት የሚበይድ ባለሙያ ነው። የብረት መፍጫው ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ ከዚያኛው ቤት እሪታ ቢሰማ የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። ነጅላ ስትደርስ በርሜል ላይ ጎንበስ ብሎ እጁን ይታጠባል። ውሃው ቀልቷል። አጠገቡ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የብረት ቱቦ ተደግፏል።

«ነፍስህን ያጽናው» አለችው።

«አሚን» አለና ፊቱን ሳያዞር ማልቀስ ጀመረ፣ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያስፈራል። «አንድ ወንድሜ! እናታችን አደራ ብላኝ ነው የሞተችው።»

«ሥራው ምን ነበር በእውነት? እኔ ሴትዮዋ ከዌብሳይት ጋር አልተዋወቅኩም።»

ጣሪቅ እያለቀሰ ፈገግ አለ። «ሰው ይስቅበት ነበር። ሌላው በትልልቅ ፕሮግራም የሚንቀሳቀስ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ይሠራል። እሱ ግን ተራ ኖትፓድ ከፍቶ በእጁ ይጽፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደብተር ላይ። አንድ ሕግ ነበረው፤ ገጹን ሲነኩት ‹ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም› ብለው ሳይጨርሱ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ይቀንሰዋል። ፎቶውን ቴምብር እስኪያክል ያሳንሰዋል። ‹የሸቤ ሰው ኔትወርኩን የሚያገኘው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው፣ ዛፍ ላይ አላስቆመውም› ይል ነበር።» ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «ያ ውሻ ሞተ?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው እኔ እጨርሰዋለሁ። ወላሂ እጨርሰዋለሁ!»

ከአሥር ተኩል በኋላ የሆነውን ነጅላ ከሦስት ጎረቤት ሰምታ ጨረሰች። ገመቹ እየጮኸ ሲወጣ ጣሪቅ ቱቦውን ይዞ ደረሰ። ወንድሙን አየ፣ ደም የነካውን ሰው አየ፣ ሌላ ማየት አልፈለገም። መጀመሪያ ጉልበቱን ብሎ ጣለው። ሰፈሩ በጫማው ተቀበለው፤ ጎድኑ ሲሰበር ከመንገዱ ማዶ ተሰምቷል አሉ። ሰውየው «ላነሳው ብዬ ነው! ላነሳው ብዬ ነው!» ይላል። ጣሪቅ መጨረሻውን አናቱ ላይ አሳረፈበት። አይ ሰው! ከመሐከላቸው አንድ እንኳ «ቆይ፣ ይናገር» ያለ አልነበረም።

ገመቹ ሆስፒታል ውስጥ አንድ እጁ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። የታሰረው እንዳያመልጥ ነው፤ እግሩ ግን ለመቆምም አልበቃም። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ሚስቱ ለጢፋ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ነጅላ ሰንሰለቱን አስፈታችና ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«ወደ ሙኒር ለምን ሄድክ?»

«ደወለልኝ… ጠዋት። ‹ጫካህ ድረስ ሄጄ፣ ጎረቤቶችህን ጠይቄ አጣርቻለሁ። በአሥር ተኩል ና፣ ስምህን ገጹ ላይ ስመልስ በዓይንህ እይ› አለኝ። ዝርዝሩ ላይ ሰው ነው የዋሸው አለ። ማን ነው ብለው… ‹ስትመጣ› አለኝ። ማሎ፣ ልለምንሽ እህቴ… ስሄድ ወድቋል። ላነሳው…» ትንፋሹ ተቆረጠ። ቆይቶ እጇን ያዘ። «ጫካውስ ይቅር። ልጆቼ የገዳይ ልጆች እንዳይባሉ። ስሜን መልሺልኝ።»

ነጅላ በሥራዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም ቃል ገብታ አታውቅም፤ ፖሊስ ቃል መግባቱ መጥፎ ልማድ ነው ትላለች። ያን ዕለት ግን «እመልስልሃለሁ፣ ወላሂ» አለች፤ ከአፏ አመለጣት ብትሉም ያስኬዳል።

እሑድ ጠዋት አብሳሎም ቢሮ ሄደች። አብሳሎም የሙኒር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነው፤ አብረው ሥራ ጀምረው ከዓመት በኋላ ተኮራርፈው ተለያይተዋል። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ መስተዋት፣ ትልልቅ ስክሪን፣ ብርቱ ዋይፋይ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በአመለካከት ነው» አለ አብሳሎም። «እኔ ፎቅ እሠራለሁ፣ እሱ ጎጆ። ‹አብስ፣ ፎቅህን ተሸክሞ ሸቤ የሚያደርስ ኔትወርክ የለም› ይለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና ደንበኛም ወሰደብኝ። የሸቤ ማኅበር መጀመሪያ ወደ እኔ ነበር የመጣው።»

«ትናንት ከሰባት እስከ አሥራ አንድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነኝ።» ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። «ብቻዬን።»

ደብተሩን ፊቱ ዘረጋችለት። በእርሳስ፣ በንጹሕ ጽሑፍ፣ ስም በስም ሥር ተደርድሯል። አብሳሎም ጣቱን መጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይህ ዌብሳይቱ ነው። ይህ ራሱ። ይህን ኖትፓድ ላይ መገልበጥና መላክ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ሲልክ ኅዳጉ ላይ ‹ተልኳል› ብሎ ሰዓቱን ይጽፋል። ተማሪ እያለን ጀምሮ እንዲህ ነው።»

ደብተሩን ገለበጡት። ሁሉም ገጽ ላይ «ተልኳል» አለ፤ ሰዓት አለ። የመጨረሻው ገጽ ብቻ ባዶ ኅዳግ ነው ያለው። አርባ አንድ ስም ተጽፎበታል። አሥራ ሰባተኛው «ገመቹ አባ ዲኮ» ነው።

«አሁን በስልክህ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ክፈትልኝ።»

በዋይፋዩ ወዲያው ተከፈተ። ላዩ ላይ የአቶ ሸኩር ትልቅ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ አርባ ስም፣ የገመቹ የለም። ከታች «ቅዳሜ 10፡02 ታደሰ» ይላል። አብሳሎም ፎቶውን ሲያይ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። 

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች ነጅላ፤ ደብተሩን ይዛ ወረደች። ብርሃኔ መኪናው ውስጥ «ይሄ ነው ሰውዬው፣ በኮምፒውተርም በምቀኝነትም የተካነ!» ሲላት «መጀመሪያ ሸቤ» አለችው።

ሸቤ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የኅዳር ፀሐይ ነው፤ በማኅበሩ ግቢ ቀይ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች ይለቅማሉ። በሩ ላይ የማኅበሩ ፒክ አፕ አንድ ጎማው ተኝቶ ቆሟል። ሾፌሩ ከአንድ አይሱዙ ረዳት ጋር ይጨቃጨቃል።

«አንዴ አውሰኝ ወንድሜ፣ አሁን እመልስልሃለሁ!»

«ምኑን ነው?» አለች ነጅላ።

«የጎማ መፍቻ ነዋ። የኛው ዓርብ እዚሁ ወንበር ሥር ነበር። ቅዳሜ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው መኪናዋን ይዘው ወጡና ዛሬ ብፈልግ፣ የለም። ጅኒ በላው?»

አቶ ሸኩር ሃምሳን የተሻገሩ፣ ኮት የማይለያቸው፣ ንግግራቸው የጣፈጠ ሰው ናቸው። ተነስተው ተቀበሏት።

«ሙኒር ልጄ ማለት ነበር፣ ኢንስፔክተር። አላህ ይዘንለት። ያ አረመኔ!»

«እርስዎ ቅዳሜ ጅማ ነበሩ አሉ?»

«ጠዋት ነበርኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ተነሳሁ፣ ስምንት ሰዓት ቤቴ። ከዚያ ዘጠኝ ተኩል ስብሰባ ገባን፤ እስከ አሥራ አንድ ከዚህ አልወጣሁም። አሥራ አምስት ሰው ምስክሬ ነው።»

«የገጹን ፓስወርድ ማን ማን ያውቀዋል?»

«ሙኒርና እኔ ብቻ ነን። ‹ገጹ የእናንተ ነው› ብሎ በፖስታ አሽጎ ለእኔ ነው የሰጠኝ። ከጸሐፊዋ እንኳ ደብቄ ነው የያዝኩት።»

«ገጹ መታደሱን እንዴት አወቁ?»

«ስብሰባ ላይ ሆኜ በስልኬ ከፈትኩት። ስንት ጊዜ ለምኜው በመጨረሻ ፎቶዬን አስገባልኝ። ‹መሪው የሌለበት ዌብሳይት ምን ይባላል?› እለው ነበር» አሉና ዓይናቸውን አበሱ።

ነጅላ ስልኳን አወጣች። ልጆቿ «እማ፣ ሙዚየም ስጪው» የሚሏት ስልክ ናት። ገጹን ነካችና ለራሷ «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» አለች። ገጹ ሳይከፈት ስክሪኑ ላይ ክቧ ትዞራለች። የፋቲሓን ምዕራፍ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው አንቀጽ ቀራችው። ክቧ ትዞራለች።

«ስልክዎ አርጅቷል መሰለኝ» አሉ አቶ ሸኩር በትሕትና።

«አርጅቷል» አለች ነጅላ።

በረንዳው ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ጊፍቲ ቃለ ጉባኤ ትገለብጣለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትናንት የሙኒር ሞት ሲሰማ ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ነጅላ አጠገቧ ተቀመጠችና ስልኳን አሳየቻት። «ያንቺስ ስልክ ይከፍተዋል?»

«ኧረ የኔ ዳታ እንኳ የለውም! ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ጋሽ ሸኩር ‹የኔ ኔትወርክ እምቢ አለ፣ ካንቺ ስልክ ዳታ አጋሪኝ› አሉኝ። አጋራኋቸው። ሰው ያወራል፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ስልክ ይነካካሉ። ስብሰባው ሲያልቅ የሳምንት ፓኬጄ ሙልጭ! ምን ቢያወርዱ ነው ብዬ አፍሬ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።»

«የስንት ሰዓት ነገር ነው?»

ጊፍቲ ቃለ ጉባኤዋን ገለጠች። «የማድረቂያ አልጋ ጉዳይ ላይ ነበርን… አሥር ሰዓት አካባቢ።»

ነጅላ ተነሳች። ብርሃኔን ጠርታ «የጠፋውን የጎማ መፍቻ ፈልግ» ብላ ወደ ቡና መፈልፈያው፣ ወደ ገለባው ጉድጓድ ጠቆመችው። ያ ምስኪን ሳጅን ሱሪውን ሰብስቦ፣ እስኪመሽ ድረስ የበሰበሰ የቡና ገለባ በመንሽ ሲያገላብጥ ዋለ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ስልኳ ጮኸ። ለጢፋ ነበረች። ነጅላ ሰማች፤ «እስከ ዙሁር ሶላት ለማንም አትንገሪ፣ እህቴ። እለምንሻለሁ» አለች። ስልኩን ዘግታ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ረጅም ሰዓት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

በአራት ሰዓት የሸቤው ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጣሪቅ፣ አብሳሎም፣ አቶ ሸኩር፣ ጊፍቲና የማኅበሩ አባላት ተቀምጠዋል። ለጢፋ ጥግ ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰው ሁሉ «የገዳይ ሚስት» እያለ ወንበር ነፍጓታል። ዓይኗ ደርቋል። ጣሪቅ እሷን ሲያይ መሬት ላይ ተፋ።

«እዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ገዳይ አለ» አለች ነጅላ።

 ሰው ጎኑ ያለውን ሰው አየ።

«ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ። ሙኒር ለሸቤ ሕዝብ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚናገር ገጽ ሠርቶላችኋል አይደል? ክፈቱት። ቢስሚላሂ በሉ።»

ሠላሳ ድምፅ በአንድ ላይ «ቢስሚላሂ ረሕማኒ…» ሲል ሠላሳው ስልክ ላይ ጽሑፉ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ «ማሻ አላህ» አሉ።

«አሁን የማኅበሩን ገጽ።»

ነኩት። ቢስሚላሂ አለቀ። ሁለተኛ አሉት፣ ሦስተኛ አሉት። አዳራሹ ውስጥ ክብ ብቻ ይዞራል። ጣሪቅ ስልኩን ትክ ብሎ እያየ ፊቱ እየገረጣ ሄደ።

«ይሄ የወንድሜ ሥራ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ።

«አይደለም። አብሳሎም፣ ትናንት ይህን አይተህ ለምን ዝም አልክ?»

አብሳሎም ተነሳ። «ፎቶው እንዳለ ነው የተጫነው፤ ያልተቀነሰ። ገጹም ከስልክ መተግበሪያ ከተገኘ ዝግጁ ቅርጽ የወጣ ነው። ሙኒር ከሚሠራው አንድ ገጽ አምስት መቶ እጥፍ ይከብዳል። ይህን ካልኩ፣ ‹ከባድ ገጽ የሚሠራ ማነው? አንተ ነህ› ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ሳጅን ብርሃኔም እንዲያ ነበር ያለኝ። ግን አስቡት። አብሳሎም ከሙኒር ጋር የተማረ ልጅ ነው፤ ያ ገጽ አንድ ወረቀት መሆኑን ያውቃል። ማጭበርበር ቢፈልግ ሰዓቱን ብቻ ቀይሮ በአንድ ደቂቃ ይልከው ነበር፤ ማንም አያውቅም። ይህን የሠራው ዌብሳይት ማለት ትልቅ፣ ረቂቅ፣ ያለ ፕሮግራም የማይነካ ነገር የሚመስለው ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ገነባ። ያው ሰው ሁሉም ነገር ላፕቶፑ ውስጥ ነው ብሎ ላፕቶፑን ቀጠቀጠ፤ እውነተኛው ዝርዝር ግን አጠገቡ፣ ከሻይ ብርጭቆ ሥር ደብተር ላይ ነበር። ንቆት ሄደ።» ደብተሩን ከፍ አደረገች። «ሙኒር የላከውን ሁሉ ‹ተልኳል› ይላል። ይህንን አላለም። ሳይልክ ሞቷል። እንግዲህ የአሥር ሰዓቱን ገጽ የላከው ሌላ ሰው ነው፤ ሙኒር በዚያ ሰዓት ሬሳ ነበር። በአሥራ አንድ ሰዓት ስደርስ ደሙ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። የተገደለው ስምንት ሰዓት ገደማ ነው።»

«ማን?» አለ ጣሪቅ። ድምፁ እንደ ብረት መጋዝ ሻክሯል።

«ፓስወርዱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል። አቶ ሸኩር፣ ገጹን ስብሰባ ላይ በስልኬ ከፍቼ ፎቶዬን አየሁ ብለውኛል። ይኸው ሠላሳ ስልክ መክፈት አቅቶታል። እርስዎ ያዩት ከፍተው ሳይሆን ራስዎ ሲጭኑት ነው።»

«ኔትወርክ አንዳንዴ…»

«የጊፍቲን የሳምንት ፓኬጅ በአሥር ሰዓት የበላው ማነው? ጎረቤቶቹ እንደነገሩኝ፣ የገመቹን ጫካ ቀድሞም ዝርዝሩ ላይ ባለው በወንድምዎ ይዞታ ላይ ጨምረው ዝርዝሩን ለሙኒር ላኩ። ሙኒር ጫካው ድረስ ሄዶ አጣራ። ቅዳሜ ጠርቶ ‹ስሙን እመልሳለሁ፤ ገመቹም በአሥር ተኩል ይመጣል› አለዎት። ወጥተው ከመኪናው የጎማ መፍቻ ይዘው ተመለሱ። ልጁ ሊጽፍ ፊቱን ሲያዞር መቱት። ከዚያ ሸቤ ደርሰው፣ አሥራ አምስት ምስክር መሐል ቁጭ ብለው፣ የሞተውን ሰው በሕይወት አስመሰሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አቶ ሸኩር።»

ብርሃኔ ከፌስታል ውስጥ የጎማ መፍቻውን አወጣ። የቡና ገለባ ተጣብቆበታል፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ደምና ፀጉር አለ።

አቶ ሸኩር ሁለት ዓይናቸው ብረቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ያ ሁሉ ትሕትና በአንድ ጊዜ ወደቀ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጆንያ መንጠቆ መንጭቀው ወደ በሩ ሲንደረደሩ ብርሃኔ ገባባቸው፤ መንጠቆው ክንዱን ከክርኑ እስከ አንጓው ተረተረው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሴቶች ጮኹ። ነጅላ ወንበር አንስታ የሰውየውን እጅ ስትመታ አጥንት ጧ አለ። መንጠቆው ወደቀ። ያኔ ጣሪቅ ደረሰ። ጉሮሮውን አንቆ ከመሬት አነሳው፤ አምስት ሰው ተረባርቦ ነው ያላቀቀው። ሸኩር ተንበርክኮ፣ በተሰበረ እጁ መሬቱን እየጫረ «አንድ ስም ነው! ለአንድ ስም ብሎ ነው እኔን ሊያዋርደኝ የነበረው!» ይጮህ ጀመር።

በካቴና አስረው አስወጡት። ጣሪቅ እያለከለከ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ወንድሜ፣ ደምህ ተመለሰ።» ከዚያ ትዝ አለው። «ኢንስፔክተር… ሁለት ገዳይ ብለሽ ነበር። ሁለተኛው ማነው?»

ለነጅላ ይህን ቃል ካፏ ከማውጣት ሸኩርን አሥር ጊዜ መያዝ ይቀላት ነበር።

«ገመቹ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሞቷል» አለች። «የጎድኑ ስብራት አልገደለውም። ሐኪሞቹ የጻፉት የራስ ቅል ስብራት ነው፤ በብረት ቱቦ የተመታ። ወንድምህን ሊያነሳው ነበር የጎነበሰው፣ ጣሪቅ። ሲነግርህ ነበር።»

ጣሪቅ ሁለት እጁን ዘርግቶ አየው፤ ቅዳሜ በበርሜል ውሃ ያጠበውን እጅ። ተንበረከከ። በዳዴ ወደ ጥጉ፣ ወደ ጆንያው ሄደና የለጢፋ እግር ሥር ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። ለጢፋ እግሯን ሳበች። ይቅር አላለችውም፣ አልሰደበችውምም። ቆይቶ ራሱ ተነሳና እጁን ለነጅላ ዘረጋላት። ካቴናው ሲገጥም ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«ከዙሁር በኋላ እንቀብረዋለን» አለች ለጢፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ። «አስከሬኑ ከጅማ መንገድ ላይ ነው። ሰው ገዳይ ብሎ እንዳይቀብርብኝ።»

ነጅላ የፓስወርዱን ፖስታ ከሸኩር መሳቢያ አስወጥታ ለአብሳሎም ሰጠችው፤ ደብተሩንም አብራ። አብሳሎም ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ኖትፓድ ከፈተ። ያን ሁሉ ፎቶና ቅርጽ አጠፋው። ከደብተሩ ላይ አርባ አንዱን ስም፣ አንድ በአንድ፣ ሙኒር እንደጻፈው ገለበጠ።  ሲጨርስ ላከውና እርሳስ ለምኖ፣ ባዶው ኅዳግ ላይ «ተልኳል፣ 5፡40» ብሎ ጻፈ።

ነጅላ ያን አሮጌ ስልኳን ለለጢፋ ሰጠቻት። ለጢፋ ማንበብ አትችልም። ጊፍቲ አጠገቧ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ጣቷን ይዛ ገጹን አስነካቻት።

«ቢስሚላሂ…» አለች ለጢፋ።

ሳትጨርስ ተከፈተ። ጊፍቲ ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ታች፣ እስከ አሥራ ሰባተኛው መስመር ወሰደችና እዚያ አቆመችላት። ለጢፋ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።